የቻይና የፍልሚያ ፊልም በልዩ ልዩ ሕዝቦች ዓይን

እነዋሪ በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በደነባ በኩል የሚሄደው መንገድ ጥቁር አፈር የለበሰውን ደጋ ሜዳ አቋርጦ ይደርስባታል። አገሩ በስንዴው፣ በጤፉና በምስሩ፣ ይልቁንም በቤት ተቀልቦ ለበዓል ገበያ በሚወጣው በጅሩ ሠንጋ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለች የገበሬ አገር ከተማ የሆንግ ኮንግ ፊልም ምን ጉዳይ አለው ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን ከ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ በሰሜን ሸዋ የወረዳ ከተሞች ካደጉት ወንዶች ልጆች መካከል የብሩስ ሊን፣ የጃኪ ቻንን ወይም የጄት ሊን ስም ያልሰማ እምብዛም አይገኝም። ሆንግ ኮንግን በካርታ ላይ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ መመርመር የሚገባው ነገር ፊልሙ እስከዚያ ድረስ መድረሱ አይደለም፤ የደረሰው ያው ፊልም ነውን? የሚለው ነው። በአንድ ሸራ ላይ የወደቀ አንድ ዓይነት ጥላና ብርሃን በሻንጋይ፣ በኒውዮርክና በጅሩ ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራልን?

ፊልም ሰሪዎችና ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ይናገራል ይላሉ። ፍልሚያ ትርጉም አያስፈልገውም፤ ጡጫ በየትም አገር ጡጫ ነው ይላሉ። ይህ አባባል በከፊል እውነት ነው፤ የተሳተበትንም ስፍራ ለማሳየት ሁለት የታወቁ ምርምሮችን ማስታወስ ይበቃል። አሜሪካዊቱ የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ ሎራ ቦሐናን በናይጄሪያ ቲቭ በሚባለው ሕዝብ መካከል ሳሉ የሼክስፒርን ሐምሌት ለሽማግሌዎች ተረኩላቸው። የሟቹ ወንድም ሳይውል ሳያድር የሟቹን ሚስት ማግባቱን ሽማግሌዎቹ መልካም አደረገ ብለው አጸደቁለት፤ በአገራቸው ልማድ የሚገባው ይኸው ነበርና። የሞተ ሰው ተመልሶ ታየ መባሉን ግን የጠንቋይ ሥራ ካልሆነ በቀር ሊቀበሉት አልቻሉም። በመጨረሻም ተራኪዋን ስለ ገዛ ታሪኳ ትክክለኛ ፍቺ አስተማሯት። ቦሐናን ይህን በ1966 እ.ኤ.አ. ጽፈው አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ታማር ሊብስና ኤሊሁ ካትዝ «ዳላስ» የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ለልዩ ልዩ ወገኖች እያሳዩ መረመሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ እንደተገለጠው ዐረቦችና ከሞሮኮ የመጡ አይሁድ ታሪኩን እንደ ዘር ሐረግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ሲተርኩ፣ አሜሪካውያን የሰዎቹን ጠባይ አነሡ፤ ከሩሲያ የመጡት ደግሞ ፊልሙ ሊያሳምነን የፈለገው ምንድን ነው እያሉ ጠረጠሩት። ተመልካች ባዶ እቃ ይዞ አይመጣም ማለት ነው።

የቻይና የፍልሚያ ፊልም በራሱ አገር የረጅም ጊዜ ታሪክ አለው። በ1928 እ.ኤ.አ. በሻንጋይ ስለ ቀይ ሎተስ ቤተ መቅደስ መቃጠል የተሠራው ፊልም እጅግ ስለተወደደ ተከታታይ ክፍሎች ወጡለት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የጊዜው መንግሥት እንዲህ ያሉ የሚበርሩ ሰይፈኞችና የአስማት ታሪኮች ሕዝቡን ያደነቁራሉ ብሎ ከለከላቸው። ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ሆንግ ኮንግ አዘነበለ፤ በዚያም ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ዎንግ ፌይ ሁንግ የሚናገሩት ብዙ ፊልሞች ተሠሩ። በ1960ዎቹ የሾው ወንድማማቾች ድርጅት የሰይፍ ፊልሞችን አሳመረ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ጎልደን ሃርቨስት ደግሞ ብሩስ ሊን አወጣ። ብሩስ ሊ በሐምሌ 1973 እ.ኤ.አ. በ32 ዓመቱ ሲሞት የሆንግ ኮንግ ፊልም በዓለም ገበያ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የኢትዮጵያ ተመልካች ይህን ሁሉ በጅምላ «የካራቴ ፊልም» ይለዋል። ስሙ ፈገግ ያሰኛል። ካራቴ የጃፓን እንጂ የቻይና ጥበብ አይደለም፤ ከታወቁት የብሩስ ሊ ፊልሞች አንዱ የሆነው «የቁጣ ጡጫ» (1972 እ.ኤ.አ.) የተሠራውም በሻንጋይ የነበረ አንድ የቻይና የፍልሚያ ትምህርት ቤት በጃፓኖች የደረሰበትን ውርደት ለመበቀል ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ፊልሙ የተጠራው በጠላቱ ጥበብ ስም ሆነ ማለት ነው። ቻይናዊ ተመልካች ይህን ቢሰማ ያዝን ይሆናል፤ ለእርሱ የፊልሙ ነገር በሙሉ ያለው በዚሁ ልዩነት ውስጥ ነውና። «የእስያ በሽተኞች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ለትምህርት ቤቱ ሲመጣ፣ ከመናፈሻው በር ላይ ውሻና ቻይናዊ እንዳይገባ የሚከለክለው ሰሌዳ በእርግጫ ሲሰበር፣ ቻይናዊው የሚያየው የአያቱን ዘመን ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውን በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። በግንቦት 1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ገበያ በአንድ ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስፍራዎች የያዙት የሆንግ ኮንግ ፊልሞች ነበሩ። በትልልቆቹ ከተሞች መካከል በሚገኙት ያረጁ ሲኒማ ቤቶች ፊልሞቹን አዘውትረው ከሚያዩት ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎች ነበሩ። ሂሳዊ ጸሐፊዎች የከንፈሩ እንቅስቃሴና የተለጠፈበት የእንግሊዝኛ ድምፅ አለመግጠሙን እያነሡ ሲስቁ፣ እነዚህ ተመልካቾች ግን ሌላ ነገር አዩ፤ ነጭ ያልሆነ ሰው፣ ጠመንጃም ገንዘብም ሳይኖረው፣ በሠለጠነ አካሉ ብቻ ከእርሱ የሚበረታውን ሲጥል ተመለከቱ። ሕንዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ቪጃይ ፕራሻድ የብሩስ ሊን ዝና ከቅኝ ግዛት ተቃውሞ ጋር አያይዘው የጻፉት ከዚህ የተነሣ ነው። ነገሩም አልቀዘቀዘም። ዉ-ታንግ ክላን የተባሉት የኒውዮርክ የራፕ ዘፋኞች በ1993 እ.ኤ.አ. ላወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ስም የወሰዱት ከሻኦሊን ፊልም ነው።

በቦስኒያ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይለያል። በእርስ በርስ ጦርነት የተከፈለችው የሞስታር ከተማ በኅዳር 2005 እ.ኤ.አ. ለብሩስ ሊ ሐውልት አቆመች፤ ሆንግ ኮንግ የራሷን ሐውልት የመረቀችው በማግስቱ ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ወጣቶች ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። ክሮአቱም፣ ሰርቡም፣ ሙስሊሙም በልጅነቱ የወደደው፣ ከማናቸውም ወገን ያልሆነ ጀግና ሌላ ማን አለ? አሉ። በሻንጋይ የወገን ጀግና የነበረው ሰው በሞስታር የተመረጠው ወገን የሌለው በመሆኑ ነው።

ተቃራኒውም ይገኛል። አንግ ሊ በ2000 እ.ኤ.አ. የሠሩት «አድፋጭ ነብር፣ ድብቅ ዘንዶ» በአሜሪካ ብቻ ከ128 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ አራት የኦስካር ሽልማት ተቀበለ፤ በቻይናና በሆንግ ኮንግ ግን የዚያን ያህል አላስደነቀም። ሰዎች በቀርከሃ ጫፍ ላይ ሲራመዱ ማየት ለምዕራባዊው እንደ ሕልም ያለ ግጥም ሲሆን፣ ለቻይናዊው ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው የተለመደ ዘዴ ነበር። በዚህም ላይ የዋናዎቹ ተዋንያን የማንዳሪን አነጋገር ለጆሮው ጎረበጠው። ከታች የተጻፈውን የሚያነብ ባዕድ ይህን ጉርብጥብጥ አይሰማም። አንዳንድ ጊዜ ቋንቋን አለማወቅ ለፊልም ይጠቅመዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። አዲስ አበባ ፊልምን ያወቀችው ቀደም ብላ ነው፤ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱ ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ነው። ከዚያ በኋላ በፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፣ በመርካቶ በኩል ራስና አዲስ ከተማ፣ ወደ መሐል አምባሳደር ተመልካች አፈሩ። በእነዚህ አዳራሾች ከአሜሪካ ፊልም ሌላ የሕንድ ፊልም ትልቅ ስፍራ ነበረው። የሕንድኛን ቃል አንዲት እንኳ የማያውቅ ሰው ስለ እናት መከራና ስለ ወንድማማቾች መለያየት ከልቡ ሲያለቅስ መታየቱ፣ ያልገባ ቋንቋ የፊልምን መንገድ እንደማይዘጋ ቀድሞ አሳይቷል። የብሩስ ሊ ፊልም በመጣ ጊዜ ተመልካቹ ያልገባውን እየዘለለ የገባውን ማጠራቀም ለምዶ ነበር።

ወደ ወረዳ ከተሞች የደረሰው ግን ሲኒማ ቤቱ አይደለም፤ ቪዲዮ ቤቱ ነው። ቪዲዮ ቤት ማለት ብዙውን ጊዜ ግድግዳው የጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነበር። መስኮቱ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ከፊት ከፍ ባለ ስፍራ ቴሌቪዥንና የካሴት ማጫወቻ ይቀመጥበታል፤ መብራት በሌለበት ወይም በሚጠፋበት ጊዜ ከጓሮ ጄኔሬተር ይጮኻል። በደጅ በጠመኔ የፊልሙ ስም፣ ይልቁንም የዋናው ተዋናይ ስም ተጽፎ ይቆማል። መግቢያው የሳንቲም ነገር ነው። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ወጣት እህሉን ወይም ዶሮውን ሸጦ የሚገባበት፣ ተማሪ የደብተር መግዣውን የሚያጠፋበት ይህ ቤት ነበር።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። ተመልካቹ ዋናውን ባለታሪክ በስሙ አይጠራውም፤ «አክተሩ» ይለዋል። «አክተር አይሞትም» የሚለው አባባል ከቪዲዮ ቤት ወጥቶ የአገር ንግግር እስከ መሆን ደርሷል። አክተሩ ከኋላው ሰው ሲመጣበት አዳራሹ በሙሉ «ዙር! ከኋላህ!» ብሎ ይጮኽለታል፤ ሲመታ ያቃስታል፤ ሲመልስ ይነሣል። ቀድሞ ያየው ሰው ካለ ገና ያልመጣውን እየተናገረ ጎረቤቱን ያሰለቻል። የአውሮፓ ሲኒማ ሥርዓት ይህን ብልግና ቢለውም፣ በኢትዮጵያ ሽለላና ቀረርቶን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም። ሸላይ ዝም ለሚል ሕዝብ አይሸልልምና።

ፉከራ ራሱ በዚህ ፊልም ውስጥ ወዲያው የሚታወቅ ነገር ነው። በፊልሙ ሁለት ተፋላሚዎች ሲገናኙ ከመማታታቸው በፊት ይነጋገራሉ፤ የመምህራቸውን ስም፣ የትምህርት ቤታቸውን ስም፣ የአመታታቸውን ስም ይናገራሉ፤ የነብር፣ የሽመላ፣ የእባብ ይባባላሉ። አሜሪካዊ ተመልካች ይህን ረጅም ንግግር አላስፈላጊ መዘግየት አድርጎ ሊያየው ይችላል። የሸዋ ተመልካች ግን «ዘራፍ» ሲባል፣ ሰው የእከሌ ልጅ የእከሌ አሽከር መሆኑን ሲናገር፣ በፈረስ ስሙ አባ እገሌ ተብሎ ሲጠራ የሰማ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እንደተባሉ ያውቃል። ስለዚህ ቃሉ ባይገባውም የንግግሩ ሥራ ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ማንነቱን ያላስመዘገበ ሰው ቢመታም እንደ ጀግና አይቆጠርም።

የማይገጥመውም ነገር ብዙ ነው። በአማራው አገር ባዶ እጅ መማታት የእረኞችና የልጆች ነገር ነበር፤ ጎረምሳ ዱላ ይይዛል፤ ለሙሉ ሰው የሚገባው ጠመንጃ ነው። የምንሽርና የአልቤን ስም በዘፈን በሚወደስበት አገር፣ በዕድሜ የገፋ ሰው እንዲህ ያለ ፊልም ቢያይ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ለምን አይተኩስም የሚል ነው። ከጡጫ ይልቅ ደግሞ እርግጫው እንግዳ ነው። እርግጫ በአማርኛ ከሁሉ አስቀድሞ የበቅሎና የአህያ ሥራ ነው፤ ሰውን በእግር መምታት ከመጉዳት ይልቅ መናቅ ነው። የቻይና ፊልም የእግርን ምት አክብሮ ጥበብ ማድረጉ በወጣቶች ዘንድ ብዙ ነገር ለውጧል። ዛሬ በከተሞቻችን ቴኳንዶ የሚማሩት ልጆች የኮሪያን ጥበብ ይማራሉ፤ ወደዚያ የሳባቸው ግን ብዙ ጊዜ የሆንግ ኮንግ ፊልም ነው።

ከሁሉ የበለጠው ልዩነት ግን ማንም ሳያስተውለው ያልፋል። በቻይና የፍልሚያ ፊልም ውስጥ ገላጋይ የለም። በገበያ መካከል፣ በምግብ ቤት፣ በመንገድ ሰዎች ሲፋለሙ ሕዝቡ ጠረጴዛውን ትቶ ወደ ግድግዳው ይሸሻል፤ ቆሞ ያያል። በኢትዮጵያ ደጋ ሁለት ሰዎች ሲያያዙ ያየ ሰው የማያውቃቸው እንኳ ቢሆን መካከላቸው ይገባል፤ ዝም ብሎ ያለፈ ይነወራል። ተጣዪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ «ልቀቁኝ! ልቀቁኝ!» እያሉ የሚፎክሩት የሚይዛቸው መኖሩን ተማምነው ነው። ከጠቡም በኋላ ሽማግሌ አለ፤ ደም ከፈሰሰም ካህን መስቀል ይዞ ሊያስታርቅ ይመጣል፤ ካሳ ተከፍሎ ደም ይደርቃል። ደመኛ ደሙን ሊመልስ የሚወጣው ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ነው። ቻይናዊው ባለታሪክ ግን ሽማግሌ ሳይላክበት ወደ በቀል ይሄዳል፤ የፊልሙ ዓለም ፍርድ ከላይም ከጎንም የታጣበት ዓለም ነውና። የሸዋ ወጣት ይህን ፊልም ሲወድ የሚወደው የበቀሉን ፍጥነት ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ «ዙር! ከኋላህ!» የሚለው ጩኸት ራሱ፣ የፊልሙ ሕዝብ ሊያደርገው ያልደፈረውን ጣልቃ መግባት ከአግዳሚው ላይ ሆኖ መፈጸም መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በቀሉም የማን ነው? በሸዋ ሰው ደም የሚመልሰው ለአባቱ፣ ለወንድሙ፣ ለዘመዱ ነው። በፊልሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚመለሰው የመምህር ደም ነው። ይህ ነገር ባዕድ መሆን ሲገባው ባዕድ አለመሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ምክንያቱን የሚያስረዳው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። የቻይናው «ሺፉ» የሚለው ቃል የመምህርነትንና የአባትነትን ትርጉም አጣምሮ እንደያዘ ሁሉ፣ «የኔታ» የሚለውም የእኔ ጌታ ማለት ነው። የቆሎ ተማሪ አገሩንና ዘመዱን ጥሎ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ስሙ ወደ ተሰማ መምህር ይሄዳል። ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ይለምናል፤ ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ይቀጣል። ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት እየተሻገረ ዓመታት ያልፋሉ።

በ1978 እ.ኤ.አ. ላው ካር ሌዩንግ ያዘጋጁትን «ሠላሳ ስድስተኛው የሻኦሊን ክፍል» የተባለውን ፊልም ከዚህ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ቤተ ሰቡ የጠፋበት ወጣት ወደ ገዳሙ ይሸሻል። ወደ ምግብ ቤቱ ለመድረስ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ግንድ መርገጥ አለበት፤ ካልቻለ ይሰምጣል፤ ይራባል። ውሃ ሲቀዳ ክንዱን ዝቅ እንዳያደርግ ከክንዱ ሥር ስለት ይታሰርበታል። የፊልሙ ግማሽ የሚያልፈው በትምህርት እንጂ በፍልሚያ አይደለም። ምዕራባዊ ተመልካች ይህን የራስን አቅም ማሻሻያ አድርጎ ያየዋል፤ ሰውዬው ምን ያህል ጎበዝ ሆነ ብሎ ይመዝነዋል። ቻይናዊ ተመልካች ደግሞ ቃል በቃል የወሰደበት ጊዜ አለ፤ ጄት ሊ የተጫወተበት «የሻኦሊን ቤተ መቅደስ» በ1982 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ ብዙ ወጣቶች ከቤታቸው እየወጡ ወደ ገዳሙ ጎርፈዋል። የኔታን ለሚያውቅ ተመልካች ግን እነዚያ ክፍሎች ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ውሃ መቅዳቱ የጉልበት ማበርቻ ዘዴ መሆኑ ቢነገረውም፣ እርሱ ከዚያ በፊት ለመምህር መታዘዝ መሆኑን ያውቃል፤ ጥበብ የሚገኘው ከመታዘዝ ነው፤ ምሥጢሩም የሚገለጠው መምህሩ በፈቀደ ቀን ነው። በፊልሙ ሠላሳ አምስቱን ክፍሎች የጨረሰው ተማሪ ከገዳሙ ውጭ ላለው ሕዝብ የሚያስተምር አንድ ሌላ ክፍል ልክፈት ማለቱ፣ የአብነት ትምህርትና የዘመናዊ ትምህርት ቤት ክርክር ያለፈበትን አገር ተመልካች ሊያናግረው የሚችል ነበር፤ ነገር ግን ይህ የሚገለጠው በእጅ ሳይሆን በንግግር ስለ ሆነ በቪዲዮ ቤቱ ጫጫታ ውስጥ ይጠፋል።

ስለ በረራውም እንዲሁ ነው። የሰይፍ ፊልሞች ጀግኖች ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲበርሩ «ውሸት ነው» የሚል ወጣት አይጠፋም። ይሁን እንጂ በዚያው በሸዋ፣ በቡልጋ እንደተወለዱ የሚነገርላቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ ዳሞ ገመዱ በተቆረጠ ጊዜ ስድስት ክንፍ እንደተሰጣቸው ገድላቸው ይናገራል፤ ሥዕላቸውም በየቤተ ክርስቲያኑ አለ። ሰው መብረሩ ለሰሚው አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ክንፉ የተገኘው ከላይ ሳይሆን ከልምምድ መሆኑ ነው። ግእዙ የመነኩሴውን ጾምና ስግደት «ተጋድሎ» ሲለው፣ ይኸው ቃል ለጦረኛውም ያገለግላል፤ በቋንቋው ውስጥ መነኩሴና ተፋላሚ ቀድሞውኑ ጎረቤቶች ናቸው። የሻኦሊን መነኩሴ ሥጋ አለመብላቱና ሌሊት መነሣቱ ለዚህ ተመልካች ግልጽ ነው። ሰውን መምታቱ ግን ያስደነግጠዋል፤ ደም ያፈሰሰ ካህን ከክህነቱ በሚሻርበት ሥርዓት ውስጥ አድጓልና።

ስለ ሴቶች ያለው ነገር አጭር ነው። ቻይና ቼንግ ፔይ ፔይን የመሳሰሉ ሰይፈኛ ሴቶችን ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፊልሟ አሳይታለች። ነገር ግን ቪዲዮ ቤት የወንዶች ስፍራ ነበር፤ ልጃገረድ እዚያ መታየቷ ለስሟ አይበጅም። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ተመልካች» ሲባል ብዙ ጊዜ የሕዝቡ ግማሽ ብቻ መሆኑ ሊታወስ ይገባል።

ወላጆችና የከተማ አስተዳደሮች ቪዲዮ ቤትን አልወደዱትም። ከጫት ቤት ጋር እየተቆጠረ የታሸገባቸው ጊዜያት ነበሩ። ተማሪ ከትምህርት ቤት ያስቀራል፣ ጠብ ያስተምራል የሚለው ክስ በከፊል ሐሰት አልነበረም፤ ከትምህርት ቤት ማስቀረቱ እርግጥ ነው። ጠብን ግን ጅሩም ሆነ ሌላው የሸዋ አገር ከሆንግ ኮንግ መማር አላስፈለገውም። ክሱ የረሳው ነገር ቪዲዮ ቤቱ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ወጣቱ ስለ ሌላ አገር የሚያስብበት አንድ ስፍራ መሆኑን ነው። ኋላ የእንግሊዝ እግር ኳስ በዲሽ ሲመጣ፣ ከዚያም ሁሉም ሰው ስልክ ሲይዝ፣ ቪዲዮ ቤቱ ማንም ሳይዘጋው ደከመ።

ከእርሱም ጋር አንድ የቃል ጥበብ አብሮ እየጠፋ ነው፤ ለባሕል ተመራማሪ ከፊልሙ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ነው። ከፍሎ ያየ ልጅ በማግስቱ በእረኝነት ሜዳ ወይም በትምህርት ቤት ግቢ ላላዩት ይተርካል። በኡጋንዳና በታንዛኒያ ይህ ሥራ ሙያ ሆኖ፣ ተራኪው በማሳያው ቤት ውስጥ ማይክሮፎን ይዞ ከፊልሙ በላይ እየተናገረ ይተረጉማል፣ ያሾፋል፣ ያስረዳል። በኢትዮጵያም በኋላ ፊልሙ ላይ የአማርኛ ድምፅ የተቀዳበት «ትርጉም ፊልም» ወጥቶ ተሽጧል። የልጆቹ ትረካ ግን ከሁለቱም ይለያል፤ ፊልሙ በሌለበት የሚነገር ነውና። ተራኪው ቆሞ ይተርካል፤ በእጁም በእግሩም ያሳያል፤ ምቱን «ዲሽ! ዲሽ!» እያለ በአፉ ይሰጠዋል። የባለታሪኮቹን ስም ስለማያውቅ አክተሩ፣ ጓደኛው፣ ሽማግሌው ይላል፤ ይህም ንጉሡ፣ ጦጢት፣ አያ ጅቦ ከሚለው ከተረታችን አሰያየም የራቀ አይደለም። ያልገባውን ምክንያት ከራሱ ያስገባል፤ መምህሩ የተገደለው በመርዝ መሆኑ ካመለጠው በመሬት ጠብ ሊያደርገው ይችላል። ለቲቭ ሽማግሌዎች የተፈቀደው ትርጓሜ ለእነዚህ ልጆች የማይፈቀድበት ምክንያት የለም። እነዚያ ተራኪዎች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ በእነዋሪ፣ በደነባ፣ በለሚና በሌሎችም ከተሞች አሉ። ያን ጊዜ የተረኩትን ዛሬ ቢጠየቁ ፊልሙን ሳይሆን ትረካውን ያስታውሱታል።

ለምሳሌ የ«የቁጣ ጡጫ»ን መጨረሻ መጠየቅ ይቻላል። ብሩስ ሊ ጠመንጃ ወደ ደገኑ ሰዎች እየጮኸ ይዘላል፤ ተኩስ ይሰማል፤ ሥዕሉ ግን ሰውዬው በአየር ላይ እንዳለ ይቆማል፤ ፊልሙ በዚያው ያልቃል። ቻይናዊው ሰማዕት መሆኑን ያውቃል። አክተር አይሞትም ብሎ የገባው ተመልካች ግን ሲወድቅ ስላላየው አልተሸነፈም። በማግስቱ ሜዳ ላይ የሚተርከው ልጅ ችግር ይገጥመዋል። ፊልም ሰውን በአየር ላይ ሊተወው ይችላል፤ አማርኛ ግን ዓረፍተ ነገሩን በግሥ ይዘጋል፤ ተራኪው ወይ ሞተ፣ ወይ አመለጠ ማለት አለበት፤ የሚሰሙትም ልጆች ግሡን እየጠበቁ ነው።